የዓይን ሐኪሟ ዕውር ሹፌር ነበርኩ

በጅጅጋ፣ በአውበሬ፣ በደወሌም የምትገኙ ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልነግራችሁ ነው። ባለፈው እሁድ በጉባኤው ፊት ቆሜ ጀምሬው ነበር። ግማሹ ላይ ስደርስ አቋርጬ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ፣ «ጋሽ በላቸው፣ ጻፈው፤ እኛ እናነብልሃለን» አሉኝ። እኔ ፊደል የለየሁት ወታደር ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ ከመንገድ ምልክትና ከጭነት ወረቀት ሌላ ብዙም አላነበብኩ። አሳምሬ አልጽፍም፤ የሆነውን ግን አልደብቅም። መደበቅ ምን እንዳመጣብኝ አሁን ትሰማላችሁ። ስሙ ይባረክ።

ሰባ ዓመት አልፎኛል። ወደዚህ አገር የመጣሁት በወጣትነቴ፣ የወታደር ካሚዮን ሹፌር ሆኜ ነው። ሠራዊቱ ሲበተን ጓደኞቼ ወደየአገራቸው ሄዱ፣ እኔ ጅጅጋ ቀረሁ። እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ወለድኩ፣ ሶማሊኛውንም ለመድኩ። አርባ ዓመት ነዳሁ። ሐርተሼክ፣ አውበሬ፣ በድሬዳዋ ዞሬም እስከ ደወሌ። በዚህ ሁሉ ዓመት ሰው አልገጨሁም፣ ፍየል እንኳን አልገደልኩም። ኩራቴ ይኸው ነበር።

እምነት ግን አልነበረኝም። ክርስቲያን ነህ ወይ ብትሉኝ አዎ እላለሁ፤ ከዚያ በላይ አትጠይቁኝ። ባለቤቴ አስካለ ጌታን ያገኘችው ከእኔ ሃያ ዓመት ቀድማ ነው። እሁድ እሁድ እስከ ቸርቹ በር በመኪና አደርሳታለሁ፣ እኔ አልወርድም። ግባ ስትለኝ «ጌታሽ ከፈለገኝ መኪናው ጋ ይምጣ» እላት ነበር። አፌ እንዲህ ነበር፣ ወገኖቼ። እሱ ግን ታገሰኝ።

ዓይኔ የደከመው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ የቀኙ። ጭስ ያለበት ቤት ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል። ከዚያ ጭሱ ወፍሮ እንደ ወተት ሆነ። ቀጥሎ ግራውም ጀመረው። አስካለ ያወቀችው ሻይ ስቀዳ ነው፤ ብርጭቆውን ስቼ ጠረጴዛው ላይ ቀዳሁት። አየችኝ። ጨርቅ አምጥታ ጠረገችው። በማግስቱ ሐኪም ቤት እንሂድ አለችኝ፣ እንቢ አልኩ። ደግማ ስትለኝ፣ ነውሬን ልናገር፣ «ለሰው ብትነግሪ ከዚህ ቤት እወጣለሁ» አልኳት። ፈርታ ዝም አለች። ዝም ያለችው ለእኔ ነው እንጂ ለጌታ ዝም አላለችም። ለካ ረቡዕ ረቡዕ ስለ እኔ ትጾም ኖሯል። እኔ ምሳዋን ሳትበላ መዋሏን እንኳን አላየሁም።

ለምን እንቢ አልክ ትሉኛላችሁ። አንደኛ ፈራሁ። ጥይት ያልፈራሁ ሰውዬ፣ ምላጭ ዓይኔን ሲነካው ሳስብ ላብ ያጠምቀኛል። ሁለተኛ፣ መሪ ከለቀቅኩ እኔ ምንድን ነኝ? በሰፈራችን ሹፌር የነበሩ ሽማግሌዎች አሉ፤ ግድግዳ ተደግፈው የሚያልፈውን መኪና በሞተሩ ድምፅ እየለዩ ይውላሉ። እንደ እነሱ ከምሆን ሞት ይሻለኛል አልኩ። ብቻዬን የምሞት መስሎኝ።

መንጃ ፈቃዴን የማሳድስበት ጊዜ ደረሰ። የዓይን ምርመራ አለ። ሹካ የሚመስል ምልክት ሰሌዳ ላይ ተደርድሯል፤ ጥርሱ ወዴት እንደዞረ ትናገራላችሁ። እኔ ሰሌዳው ራሱ የት እንዳለ በደንብ አይታየኝም። በር ላይ ተራ ስጠብቅ ግን ከፊቴ የገቡት ሰዎች መልስ ይሰማኛል። ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ግራ፣ ታች። እንደ ወታደር ሰልፍ ሸመደድኩት። ገብቼ ሳልንተባተብ ወረድኩበት። የሚመረምረው ልጅ «አባባ፣ እርስዎማ ከወጣቱ ይበልጣሉ» ብሎ አመሰገነኝ። እኔም እየሳቅኩ ወጣሁ። ያንን ሳቄን ሳስታውስ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ይህ በሆነ በዓመቱ አንዲት የዓይን ሐኪም ከውጭ አገር መጣች። ዶክተር ማርታ እንበላት። በነጻ ልታገለግል የመጣች ነች፣ አራት ወር ትቆያለች። እኔ የምነዳትን ላንድክሩዘር የመኪናዋ ባለቤት ለእሷ አከራየ፣ እኔም ከመኪናዋ ጋር አብሬ ተከራየሁ። ቅዱሳን፣ ይህን አስቡት። ለዕውራን ብርሃን ልትሰጥ ባሕር ተሻግራ መጣች፣ ዕውር ሹፌር ደረሳት።

አማርኛውን የለመደችው ድሮ ደቡብ ውስጥ ስትሠራ፣ ከገበያ ነው። ስለዚህ «እርስዎ» የሚባል ነገር አታውቅም። እኔንም፣ የጤና ጣቢያውን ኃላፊም፣ የአገር ሽማግሌውንም፣ ሁሉንም አንተ ነው የምትለው። ማንም አይቀየማትም። እኔም በአጸፋው አንቺ አልኳት፣ ተግባባን።

ውሎዋን ልንገራችሁ፣ ጌታ በምን ዓይነት ሰው እንደተጠቀመ እንድታውቁ። ሊነጋጋ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሯ ላይ እቆማለሁ። እሷ ቀድማ ተነስታ ውሃ አፍልታለች። የተከራየችው ቤት ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ በርሜሏን የምትሞላው ራሷ ናት፣ የትናንቱን የኦፕራሲዮን ልብስ የምታጥበውም ራሷ። የዓይን ማያ መሣሪያዋን በሳጥን አድርጋ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። መንገዱ ስለሚንጥ መሬት አታስነካውም። እንደ ሕፃን ታቅፋው ነው የምትሄደው።

አብራን የምትሠራው ሲስተር ሆዳን ናት። የጅጅጋ ልጅ፣ ሶማሌ፣ ነርስ፣ የሦስት ልጆች እናት። ምላሷ አያርፍም። እኔን «አዴር» ትለኛለች፤ አጎቴ ማለቷ ነው። ቀብሪበያህ ላይ ወርደን በግመል ወተት የተፈላ ሻይ እንጠጣለን፣ ከዚያ ወደ ሐርተሼክ።

እዚህ አገር የምትኖሩ ታውቃላችሁ፤ ጫት የጫነችው መኪና ጡሩምባዋን እየነፋች ስትገባ ከተማው ሌላ ከተማ ይሆናል። አስታማሚው ይጠፋል፣ አዲስ ታካሚም አይመጣም። ዶክተሯ ይህን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተረዳች። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጤና ጣቢያው ግቢ ካልደረስን ቀኑ ተበላሸ ማለት ነው። ሰዎቹ ከሌሊት ጀምረው ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ይጠብቁናል። አንዱ ልጁ ትከሻ ላይ ተደግፎ፣ አንዷ የልጅ ልጇ በትር ጫፍ ይዞ እየመራት። ዶክተሯ በሶማሊኛ የምታውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ወደ ላይ እይ፣ ወደ ታች እይ። ቀኑን ሙሉ እነዚያን ሁለቱን ስትል ትውላለች። ከዚያ ጄኔሬተሩ ይነሳና ኦፕራሲዮኑ ይጀመራል። ቢላውን ከመያዟ በፊት ለአንድ አፍታ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሆዳን «ቢስሚላህ» ትላለች። ሁለቱም አንዷ አንዷን ሳትጠይቅ እንዲሁ ይጀምራሉ። ሩዝ በሙዝ የሚቀርብላት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከሁሉም ኋላ ነው። ቆማ ትበላለች።

በማግስቱ ጠዋት ጥጡ ሲነሳ ብታዩ። አንዱ ሽማግሌ ጥጡ ተነስቶለት መጀመሪያ ያየው የራሱን እጅ ነው፤ አገላብጦ አገላብጦ አይቶ «አርጅቷል» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም በር ላይ ቆሜ ሳቅኩ። ልቤ ግን እየነደደ ነበር። ከእኔ እስከ ዶክተሯ አሥር እርምጃ አይሞላም። አሥር እርምጃ፣ ወገኖቼ። አልሄድኩም።

እንዴት ትነዳ ነበር የምትሉኝ ትኖራላችሁ። መንገዱን ከእጄ መዳፍ በላይ አውቀዋለሁ፤ ጉድጓዱን፣ መታጠፊያውን፣ ኬላውን። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ግራ ዓይኔ ትንሽ ይሠራል። የቀረውን የማየው በሆዳን ዓይን ነው። አጠገቤ ፊት ትቀመጣለች፣ እኔ ጨዋታ አስመስዬ አወራርዳታለሁ።

«ሆዳን፣ በሻይ እንወራረድ። ያ የሚመጣው አይሱዙ ነው።»

«አዴር፣ ምን ነካህ? ባጃጅ እኮ ነው።»

ባጃጅ መሆኑን አወቅኩ ማለት ነው፣ እንደዚያው አድርጌ አሳልፈዋለሁ። ቀጥሎ ደግሞ «ያቺ ጥቁሯ ነገር አህያ ናት» እላለሁ። «ሴትዮ ናት፣ አላህን አትፈራም?» ትለኛለች። ፍሬን እይዛለሁ። ሁልጊዜ እሸነፋለሁ። ዶክተሯ ከኋላ ሆና «ጋሽ በላቸው ሻይ መጋበዝ ስለሚወድ ነው የሚሸነፈው» ትላለች። ሁለቱም ይስቃሉ። ሦስት ወር ሙሉ በዚህ ሄድን። በሰው ዓይን እየሰረቅኩ።

ስንመለስ ዶክተሯ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፤ ድምፅ የለውም፣ ፉጨት ብቻ። የሠራችውን ሥራ የምትቆጥር ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ያ ቀን መጣ። ሐርተሼክ አሥራ አንድ ሰው ኦፕራሲዮን አድርጋ ደክማለች። ከታካሚዎቹ አንዱ አው ዳሂር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አንዱ ዓይናቸው ያን ዕለት ተሠርቶ በጥጥ ታሽጓል፣ ሌላው ገና ሞራ የሸፈነው ነው። የተሠራው ትንሽ ደም ስላስቸገረው ዶክተሯ ጅጅጋ አድሮ በቅርብ ልየው ብላ አሳፈረቻቸው። ሆዳን እሳቸውን ደግፋ ከኋላ ተቀመጠች። ዶክተሯ ፊት መጣች፣ ሳጥኗን አቅፋ፣ ገና ከግቢው ሳንወጣ እንቅልፍ ጣላት።

ከጎኔ የሚያይልኝ ሰው የለም። አሥር ሰዓት ነው። ከሐርተሼክ ወደ ጅጅጋ ስትመለሱ በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ፊት ለፊት ነው የምትመጣባችሁ። የዓይን ሞራ ያለበት ሰው ያውቀዋል፤ ፀሐይ ሲመታው ሁሉም ነገር ነጭ ይሆናል። የፊት መስታወቱ ላይ አንሶላ የዘረጉበት ያህል ነው። እኔ ግን መንገዱን አውቀዋለሁ ብዬ ነዳሁ። ቀስ በል ይለኛል ልቤ፤ ቀስ ካልኩ ዶክተሯ ነቅታ ምን ሆንክ ትለኛለች እላለሁ። መስኮቱን ከፍተናል፣ ሙቀት ነው።

በድንገት አው ዳሂር ከኋላ በሶማሊኛ፣ «ቁም! ግመል!» ብለው ጮሁ።

ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥኩት። መኪናዋ ጠጠሩ ላይ ተንሸራታ፣ ዞር ብላ ቆመች። አቧራው ከፊታችን አለፈ። አቧራው ሲገለጥ የመኪናዋን አፍንጫ የሚነካ የግመል ጉልበት አየሁ። ቤታቸውን ጭነው የሚሄዱ ዘላኖች ናቸው፤ እንጨቱ፣ ሰሌኑ፣ ዕቃው ሁሉ ግመሎቹ ላይ። ግመሉን በገመድ የምትጎትተው ሴትዮ ልጅ አዝላለች። ከመከላከያው ብረት እስከ እሷ ድረስ አንድ ክንድ ቢሆን ነው። አየችኝ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ገመዷን ሳብ አድርጋ ተሻገረች፣ የቀሩትም ግመሎች ተከተሏት። አንገታቸው ላይ የእንጨት ቃጭል አለ። ዓይናቸው የማያይ ሰውዬ የሰሙት ያንን ነው። እኔ ከፊቴ ያለውን አላየሁም፣ ከኋላዬ ያሉት ሰሙት።

ዶክተሯ ነቅታ ምን ሆነ አለች። እኔም ለመጨረሻ ጊዜ ዋሸሁ። «ፍሬኑ ነው» አልኩ።

«ፍሬኑማ ያዘ» አለች ሆዳን። «የተረፍነው በፍሬኑ አይደል እንዴ?»

ያኔ አው ዳሂር በዝግታ፣ ሳይቆጡ፣ ጠየቁኝ። «ሹፌር፣ ዓይኑ የታሸገው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

ወገኖቼ፣ እኔን ማንም በጥያቄ አሸንፎኝ አያውቅም። ጄኔራል ጠይቆኝ መልሻለሁ። እኚህ ሽማግሌ ግን አሸነፉኝ። ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ። ጎማውን ተደግፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አስካለን «ከፈለገኝ መኪናው ጋ ይምጣ» እላት የነበረው ትዝ አለኝ። መጥቶ ነበር። እዚያ አቧራ ላይ፣ በማያይ ሰው አፍ ጠርቶኝ ነበር። ክብር ለስሙ ይሁን።

ዶክተሯ መጥታ ቁጢጥ አለች። «አላይም» አልኳት። «ቀኙ ጭራሽ አያይም። ግራውም ፀሐይ ላይ አያይም።» የእጅ ባትሪዋን አውጥታ እዚያው መንገድ ዳር ዓይኔን በጣቷ ከፍታ አየችው። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አራት ዓመት አልኳት። ባትሪውን አጠፋች። ስትቆጣ አይቻት አላውቅም ነበር፤ አሁን ተቆጣች።

«ሆዳን ሦስት ልጆች አሏት» አለችኝ።

ሆዳን ከኋላዋ ቆማ ሰምታለች። «ውርርዱ» አለች ቀስ ብላ። «አዴር፣ ውርርዱ ለዚህ ነበር?» ራሴን ነቀነቅኩ። ፊቷን አዙራ ወደ መኪናው ሄደችና መሪው ላይ ተቀመጠች። መንዳት ትችላለች፣ የባሏን መኪና ትነዳለች። እኔ ከኋላ ከአው ዳሂር አጠገብ ገባሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ከኋላ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ሽማግሌው በእጃቸው ፈልገው ጉልበቴን አገኙትና መታ መታ አደረጉት። «አትፍራ፣ እኔም ዛሬ ጠዋት ፈርቼ ነበር» አሉኝ።

ቤቴ በር ላይ ሲያወርዱኝ ዶክተሯ አብራኝ ወረደች። ቁጣዋ በርዷል። እንዲህ አለችኝ፤ «የሠራኋቸውን ሰዎች ስም በመንገድ ላይ አንድ በአንድ እየጠራሁ እጸልያለሁ። አንተንም በየቀኑ ጠርቼሃለሁ። ምን እንደምለምንልህ ግን አላውቅም ነበር። አሁን አወቅኩ።» ያ ያለ ድምፅ የሚንቀሳቀሰው ከንፈሯ ጸሎት ኖሯል። አስካለ በር ላይ ቆማ ነበር። ሁሉን ነገርኳት። አለቀሰች፤ የደስታ ይሁን የሐዘን አልገባኝም። ያን ማታ ከእሷ ጋር ተንበረከክኩ። እንዴት እንደሚባል አላውቅም፣ እሷ እያለች ተከተልኳት። ጌታን ተቀበልኩ። ሃሌ ሉያ።

እዚህ ላይ አለቀ እንዳትሉ። ጌታን የተቀበለ ሰው ሁሉ ፍርሃቱ በዚያው ይሄዳል ይላሉ፤ የእኔ አልሄደም። ዶክተሯ በደንብ መርምራኝ እውነቱን ነገረችኝ። የቀኙን መመለስ አልችልም፣ ሞራው ብቻ ሳይሆን ግፊትም ነበረበት፣ ከኋላው ያለው ጅማት ሞቷል አለች። ቀድሞ ቢታይ ይድን ነበር። የግራው ሊሠራ ይችላል።

«ግራውስ ቢበላሽ?» አልኳት።

«ብዙ ጊዜ አይበላሽም። ግን ሊበላሽ ይችላል» አለች። አታባብልም።

ያለችኝ ግማሽ ዓይን ናት፤ እሷም ከሄደች ጨለማ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ ለአስካለ ዓይኔን አላሠራም አልኳት፤ መንዳቱን ትቻለሁ፣ ይብቃኝ፣ በዚህችው ልኑር። አስካለ ቆመች። «ቢበላሽ እኔ እመራሃለሁ» አለችኝ። «በእኔ እጅ መመራት የሞት ያህል የከበደህ ከሆነ ግን ገና ኩራትህን ለጌታ አልሰጠኸውም።» ሃያ ዓመት የታገሰችኝ ሴት ናት። እሺ አልኳት።

ዶክተሯ የእኔ ሹፌር ነው ብላ አላስቀደመችኝም። ሐርተሼክ ሄጄ፣ ከአስካለ ጋር፣ ስንት ጊዜ ሰው ያመጣሁበት ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተራዬን ጠበቅኩ። ሰባተኛ ነበርኩ። አጠገቤ ያሉት አወቁኝና ሳቁብኝ፤ ሹፌሩም ታመመ እንዴ አሉ። አንዲት አሮጊት «መንገዱን ማን ሲያሳይህ ነበር?» አለችኝ። ሆዳን ናት አልኳት። ሆዳን አጠገባችን እያለፈች ነበር፤ ሰምታ አልሳቀችም። መርፌውን ግን ራሷ አዘጋጀችልኝ።

ጠረጴዛው ላይ ተኛሁ። ፊቴን በጨርቅ ሸፈኑኝ። ሆዳን «ቢስሚላህ» አለች። ዶክተሯ ዝም አለች፤ ዓይኗን እንደጨፈነች ገባኝ። የእኔ ተራ ሆነ፣ ምን ልበል? ጸሎት አልለመድኩም። የማውቀው ርክክብ ነው። ወታደር ቤት መኪና ለሌላ ሹፌር ስታስረክብ ጉድለቱን ሁሉ ትናገራለህ፤ ክላቹ ይንሸራተታል፣ ዘይት ያፈሳል፣ ክሪኩ የለም። የደበቅከው ጉድለት በአንተ ላይ ይቆጠራል፤ የተናገርከው ግን የተረካቢው ነው። እንዲሁ አደረግኩ። ጌታ ሆይ፣ ተረከበኝ አልኩት። ዋሽቻለሁ። ሚስቴን አስፈራርቻለሁ። ልጅ ያዘለች ሴት ልገድል ነበር። እፈራለሁ። ኩራተኛ ነኝ። አንድ በአንድ ነገርኩት፣ ያስቀረሁት የለም። ስጨርስ ላቤ ቆመ። እጄ ፈታ አለ። ዶክተሯ «ጋሽ በላቸው፣ እንዳትንቀሳቀስ» አለች። «አልንቀሳቀስም፣ አስረክቤያለሁ» አልኳት። ምን እንዳልኩ የገባት አይመስለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ጥጡ ተነሳ። መጀመሪያ ብርሃን፣ ከዚያ አንድ ነጭ ነገር ከፊቴ ጎንበስ ብሎ። ጭስ መሰለኝ። ፀጉር ነው።

«ዶክተር፣ ፀጉርሽ ነጭ ነው እንዴ?»

«ከተዋወቅን ጀምሮ» አለችኝ።

በድምፅዋ ወጣት ትመስለኝ ነበር። አሮጊት ናት፣ ደክማለች፣ የካፖርቷ ክርን ተጥፏል። ዞር ብዬ አስካለን አየኋት። ከስታለች። አራት ዓመት ስለ እኔ የጾመችው ፊቷ ላይ ተጽፏል። ያንን ለማንበብ ብዙ ፊደል አያስፈልግም። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ዶክተሯ ዓይንህ ይጎዳል፣ አታልቅስ ብላ ተቆጣችኝ። ጌታ ይባረክ። ይህን ያህል እፎይታ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። የሚታየኝ ብቻ አይደለም፤ የምደብቀው ነገር አልነበረኝም።

ወንድሞች አሁንም፣ በአንድ ዓይን የሚነዳ ስንት ሰው አለ፣ አንተም ቀጥል ይሉኛል። እንቢ ብያለሁ። መንጃ ፈቃዴን መልሻለሁ፣ ለመኪናዋ ባለቤትም በር ድረስ ሄጄ እንዴት እንደነዳሁ ነግሬዋለሁ። ሰደበኝ፣ ተገቢ ነው። የቀኙን ጌታ ለምን አልፈወሰውም ለሚሉኝም መልሴ አጭር ነው፤ ያንን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የሰጠኝ ይበቃኛል፣ ከሚገባኝም በላይ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ሆዳን። ወር ሙሉ ሰላምታዬን ትመልሳለች፣ አዴር ግን አትለኝም። አስካለን ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ባሏ ፊት፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ፣ «ሚስትህን በየቀኑ ወደ ሞት ስወስዳት ነበር፣ ይቅር በሉኝ» አልኩ። ሶማሊኛዬ ተሰባበረብኝ። ሰውየው ወደ እሷ አየ፤ የሷ ጉዳይ ነው ማለቱ ነው። ሆዳን ተነስታ ወጣች። ተቆጣች ብዬ ልነሳ ስል ሦስቱን ልጆች አስከትላ ተመለሰች። ከፊቴ አቆመቻቸው።

«አዴር» አለችኝ። «ይቅር ብዬሃለሁ። ግን እያቸው። አንድ በአንድ እያቸው።»

አየኋቸው። ትልቋ ጥርሷ ተነቅሏል። መሀለኛው የእናቱን ግንባር ወርሷል። ትንሿ ፈርታ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች፣ ከዚያ አንድ ዓይኗን ብቻ አውጥታ አየችኝ። ጌታ የማየትን ስጦታ የሰጠኝ ለዚያች ሰዓት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንኳን አመሰግነው ነበር።

ዶክተር ማርታ ወደ አገሯ ተመልሳለች። ሌሎች ሐኪሞች ሲመጡ እኔ በነጻ እሄዳለሁ፤ ሆዳን እየነዳች፣ እኔ ጎን ተቀምጬ። ሥራዬ የፈሩትን እጃቸውን ይዞ እስከ ጠረጴዛው ማድረስ ነው። አሥር እርምጃ ነው። አንዳንዱ አምስተኛው ላይ ይቆማል። አልጎትተውም፣ አብሬው እቆማለሁ።

ወገኖቼ፣ ከእናንተም መሀል የሚደብቅ ካለ፣ የደበቅከውን የምትሸከመው አንተ ብቻ አይደለህም፤ ሚስትህ ተሸክማዋለች፣ አብሮህ የሚሠራው ሳያውቅ ተሸክሞታል። ለጌታ ንገረው። ከጉድለትህ ጋር ይረከብሃል፤ እኔን ተረክቦኛል። ከዚያ ለሰው ንገር፣ መጀመሪያ ለበደልከው። ይህ የሚነበብበት ጉባኤ ውስጥ ልቡ የሚመታ ሰው ካለ አንባቢው እስኪጨርስ አይጠብቅ፣ አሁን ይነሳ። ጅጅጋ ከሆነ ያለው እኔ በር አጠገብ ነው የምቀመጠው። እጁን እይዘዋለሁ።